የሞተር ገመድ ላይ ቡሌት ኮኔክተር ሲበየድ ሊዱ አልይዝ አለ፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል

ፎም_ክንፍ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለፎም አውሮፕላን የምትሆን መጠኗ 2836፣ 1100 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 1100 ዙር) የሆነች አውትረነር (የውጭ ቆቧ የሚዞር) ብራሽለስ ሞተር ናት። ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት) 40 አምፔር፣ ባትሪው 3ኤስ (ባለ ሦስት ሴል) ሊፖ፣ ፕሮፔለሩ 9 በ6 ኢንች ነው። የሞተሩ ገመዶች ረዝመው አፍንጫው ውስጥ ስላልገቡ ሦስቱም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጠው አዲስ 3.5 ሚሊ ሜትር ቡሌት (ክብ ተሰኪ የብረት ማገናኛ) ተበይዶባቸዋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ቡሌቱ ጽዋ፣ ማለትም ገመዱ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ በደንብ ይቀልጣል፤ ገመዱ ላይ ሲደርስ ግን ድብልብል ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ከቀዘቀዘ በኋላ የያዘ ይመስላል። ጎተት ሲደረግ አንዱ ቡሌት ከነሊዱ ተላቆ ወጣ፣ ሁለቱ ጸኑ። የወጣው እንደገና ተበይዶ ሲሞከር ሞተሩ ሳይዞር ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ የማፋጨት ዓይነት ድምፅም አለው። በቴስተር ሲለካ ሦስቱም ገመዶች እርስ በርስ ይጮሃሉ፤ ስለዚህ የተቋረጠ ነገር ያለ አይመስልም።

የብየዳው ካውያ 40 ዋት፣ ሙቀት ማስተካከያ የሌለው፣ ጫፉ ሹል ነው። ሊዱ እርሳስ የሌለበት ዓይነት ነው። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን ወይስ ብየዳው ነው? እንደገና መሥራት ካለበትስ ከየት ይጀመር?

ብየዳ_ቤት፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀልና ሞተሩን መሞከር አቁም። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ስሮትል ከተጨመረ ኢኤስሲው ሊዞር ወዳልቻለ ሞተር ኃይል እየገፋ ሞስፌቶቹን (ኃይሉን የሚያበሩና የሚያጠፉትን ትራንዚስተሮች) ያቃጥላል። እስካሁን ሞተሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የምትገልጸው ነገር የብየዳ ምልክት ነው።

መንስኤው ቫርኒሹ ነው። አብዛኛው አውትረነር ላይ ከሞተሩ የሚወጣው ገመድ ተራ ገመድ አይደለም፤ የጥቅልሉ ሽቦ ራሱ በሲሊኮን ወይም በፋይበር ሽፋን ተሸፍኖ የሚወጣ ነው። እያንዳንዷ ክር በቫርኒሽ ተለብጣለች። ፋብሪካው ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ልጦ ሊድ ያለብሰዋል። አንተ 4 ሴንቲ ስትቆርጥ ያ የተላጠው ክፍል አብሮ ሄደ። ቀሪው መዳብ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል፣ ነገር ግን ከጎኑ ኤሌክትሪክም ሊድም አይቀበልም። የሚቀበለው የተቆረጠው አናት ብቻ ነው። ሊዱ የተንከባለለውም፣ "የያዘ" መስሎ ተላቆ የወጣውም ለዚህ ነው፤ ክሮቹን ዙሪያቸውን ከቦ ቀዘቀዘ እንጂ አልተዋሃዳቸውም።

እርግጠኛ ለመሆን የቴስተሩን አንድ ጫፍ ክሩ አናት ላይ፣ ሌላውን እዚያው ክር ጎን ላይ በቀስታ አድርግ። ካልጮኸ ቫርኒሽ አለ። አጥብቀህ ከጫንከው የቴስተሩ ሹል ቫርኒሹን ወግቶ ያታልልሃልና እጅህን አቅልል።

አሁን ሦስቱንም ቡሌቶች አውጣ፤ የጸኑትንም ጭምር። የጸና ማለት ሁሉም ክር ገብቷል ማለት አይደለም። ሽፋኑን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሰብስብና ክሮቹን እንደ ማራገቢያ በትናቸው። እያንዳንዷን ክር ለብቻዋ በካተር ምላጭ ጀርባ ዙሪያዋን ፋቅ፤ በስለቱ ከሆነ መዳቡን ትቆነጥረውና እዚያው ላይ በንዝረት ይሰበራል። ከዚያ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጥፈህ ክሯን መሃል አስገብተህ እያዞርክ ሳባት። ቫርኒሹ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም የማር መልክ አለው፤ የተፋቀው መዳብ ወደ ሮዝ ያደላል። ልዩነቱ በፀሐይ ብርሃን በደንብ ይታያል። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ ግን የለውም።

ላይተር ይዘህ የምታቃጥለው እንዳይሆን። ቫርኒሹ ወደ ጥቁር ከሰል ይለወጣል፣ መዳቡ ኦክሳይድ ይይዛል፣ መፋቁ አይቀርልህም። ሙቀቱ ደግሞ በሽቦው በኩል ወደ ጥቅልሉ ይገባል። በካውያ ብቻ የሚለቅ ቀጭን ቫርኒሽ በትንንሽ ትራንስፎርመሮች ሽቦ ላይ አለ፤ የሞተር ሽቦ ግን ሙቀት እንዲችል ተብሎ የተለበጠ ስለሆነ 400 ዲግሪም ብታደርገው በቅጡ አይለቅም። የሚወጣው ጭስም ለሳንባ መጥፎ ነው።

ተፍቆ እንዳለቀ ክሮቹን ወዲያው ጠምዝዘህ ሊድ አልብስ፤ ሲያድር መዳቡ ይደበዝዛል። ሊዱ በየክሮቹ መሃል ሰርጎ የክሮቹ ቅርጽ ከሥሩ እየታየ መላው ብር ከመሰለ ጥሩ ነው። አንዲት ቡናማ መስመር እንኳ ከቀረች በትነህ እንደገና ፋቅ።

ለወደፊቱ ደግሞ ገመድ ሲረዝም የሚቆረጠው የኢኤስሲው በኩል ነው። እሱ ቫርኒሽ የሌለበት ለስላሳ ገመድ ስለሆነ ተቆርጦ ወዲያው ይበየዳል።

ሞርሳ፦

ስለ ቫርኒሹ ብየዳ_ቤት ያለው ትክክል ነው። ግን ቫርኒሹ ተነስቶም በዚያ ካውያ ጥሩ ብየዳ አይወጣም።

40 ዋት ለሰርኪዩት ቦርድ ነው። ወፍራም መዳብና የነሐስ ቡሌት ሙቀቱን ከካውያው ፈጥነው ይመጥጡታል። ማስተካከያ የሌለው ካውያ ላይ ደግሞ የመብራቱ ኃይል መውረድ ይጨመራል፦ 220 ቮልት ወደ 190 ሲወርድ ዋቱ በቮልቴጁ ካሬ ስለሚቀንስ 40 የነበረው ወደ 30 ገደማ ይሆናል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የማይቀልጠው ሊድ ጠዋት የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ከ60 እስከ 80 ዋት ማስተካከያ ያለው ካውያ ይበቃል። ጫፉ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ይሁን። ሹል ጫፍ የሚነካው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ዲግሪው የቱንም ያህል ቢሆን ሙቀት አያሳልፍም።

ሊዱን በተመለከተ እርሳስ የሌለበት ዓይነት ከ217 እስከ 227 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት 183 ላይ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም መሃል ላይ ገንፎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይጠነክራል። 60/40 ከሆነ ጥቂት ዲግሪ ያህል ገንፎ ሆኖ ይቆያል፣ በዚያች ቅጽበት እጅህ ከተንቀጠቀጠ ብየዳው ይሰነጠቃል። ለእጅ ሥራ 63/37 ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ሮዚን (የጥድ ሙጫ) ያለበት ምረጥ። እርሳስ ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ መስኮት መክፈት ግድ ነው።

ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ መዳቡን የሚያጸዳ ቅባት) ጨምር፣ ግን የሮዚን ይሁን። ለቆርቆሮና ለቧንቧ የሚሸጠው አሲድ በፍጥነት ያስይዛል፤ ቅሪቱ ገመዱ ሽፋን ሥር ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ እያደረገ ይበላዋል።

ቡሌቱን ለመያዝ ደረቅ እንጨት በትራፓኖ ብሳ። ለወንዴው (ለሚሰካው) 4 ሚሊ ሜትር፣ ለሴቴው (ለሚሰካበት) 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል፤ የቡሌቶቹ ውጫዊ መጠን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ግን ለክተህ ብሳ። ጽዋው ወደ ላይ ይቁም። በፒንሳ ወይም በሞርሳ በቀጥታ መያዝ አይበጅም፤ ብረቱ ሙቀቱን ይሰርቅብሃል።

ሙቀቱን 400 ላይ አድርግ። የካውያውን ጠፍጣፋ ፊት ጽዋው ጎን ላይ ካለችው ቀዳዳ አጠገብ አስደግፍና መሃሉ ላይ ትንሽ ሊድ አቅልጥ፤ ያ ፈሳሽ ነው ሙቀቱን የሚያሻግረው። ከዚያ ሊዱን ወደ ጽዋው ውስጥ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሙላ። ካውያውን ሳታነሳ ሊድ የለበሰውን ገመድ ቀጥ አድርገህ አስገባ። መጀመሪያ ሊዱ በገመዱ ዙሪያ ጎርበጥ ብሎ ይቆማል፤ ገመዱ እስኪሞቅ ነው። ከዚያ በድንገት ገመዱ ጠለቅ ይላል፣ የሊዱ ጠርዝም ወደ ገመዱ ሽቅብ ስስ ሆኖ ይወጣል። ያን ካየህ ሁለት ሰከንድ ጠብቀህ ካውያውን አንሳ፤ እጅህ ግን አይነቃነቅ። እፍ አትበልበት።

ቀዝቃዛ ብየዳ ገጹ የደበዘዘና ሸካራ ነው፣ ጠርዙ ገመዱ ላይ እንደ ጠብታ ያበጠ ነው። እንደገና ፍላክስ ቀብተህ አሙቀው፤ ሊድ ብቻ መደረብ አያድነውም። ትርፍ ሊድ ወንዴው ስፕሪንግ ላይ ከፈሰሰ ቡሌቱን ጣለው። ስፕሪንጉ ካልተለጠጠ ግንኙነቱ ይላላል፣ የላላ ደግሞ ይሞቃል።

ሰማያዊ_ጀልባ፦

ከሞርሳ ጋር አንድ ነገር ላይ አልስማማም። 400 ዲግሪ ለቡሌት አላስፈላጊ ነው። 350 ላይ ቀስ ብሎ ቢሠራ ለሽፋኑም ለሞተሩም ይሻላል።

ሞርሳ፦

ጎጂው የጫፉ ዲግሪ ብቻ አይደለም፣ የቆይታው ጊዜም ነው። በ350 ጽዋው እስኪሞቅ ብዙ ሰከንድ ትቆማለህ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙቀቱ በመዳቡ በኩል ወደ ሽፋኑ ሥር ይጓዛል፣ ሊዱም አብሮ ሽቅብ ይሳባል። ሊድ የጠጣ ገመድ ይደርቃል፤ ከደረቀው ጫፍና ከለስላሳው መገናኛ ላይ በንዝረት ይሰበራል። በ400 ወፍራም ጫፍ ይዘህ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ውስጥ ትጨርሳለህ። ትልቅ ጫፍ ያለው ጠንካራ የካውያ ጣቢያ ካለህ 370ም ይሠራል፣ በዚያ እንስማማለን። ለኤክስቲ60 (ለባትሪው ኮኔክተር) ግን ምክርህ ቦታ አለው፦ ናይሎኑ ስለሚለሰልስ ፒኖቹ ይጣመማሉ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ተጓዳኙን ኮኔክተር ሰክቶ መበየድ ነው፤ ፒኖቹን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል፣ ሙቀቱንም ይጋራል። የባትሪውን ሁለት ገመድ ባንድ ጊዜ መላጥ ክልክል ነው፤ ቀዩ ተበይዶ በሽሪንክ (ሲሞቅ በሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ) ከተሸፈነ በኋላ ጥቁሩ ይላጣል።

ፎም_ክንፍ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቫርኒሹ ተረጋግጧል፤ የክሮቹ ጎን አይጮህም። ከእያንዳንዱ ገመድ የወጡት ክሮች ብዙ ቢሆኑም ፍቄ 63/37 ሊድ አልብሻቸዋለሁ፣ ሦስቱም ቡሌት አሁን በፒንሳ ሲጎተቱ አይነቃነቁም። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አነሳሱ ሸካራ ነው፣ ያለ ፕሮፔለርም ለብ ይላል። ቴስተሩ እንደበፊቱ ሦስቱንም ያስጮሃል። ምን ቀረ? ደግሞ ወንዴና ሴቴው በየትኛው በኩል ነው የሚሆነው?

ሦስት_ፌዝ፦

የቴስተሩ ጩኸት እዚህ ላይ ምንም አይነግርህም፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

የዚህ ዓይነት ሞተር አብዛኛው በዴልታ የተጠቀለለ ነው። ሦስት ጥቅልሎች በሦስት ማዕዘን ተያይዘው እያንዳንዱ ገመድ ውስጥ የአንዱ ጥቅልል መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ አብረው ይወጣሉ። አንድ ገመድ ውስጥ የአንደኛው ጥቅልል ክሮች ቫርኒሻቸው ሳይለቅ ከቀሩ ያ ጥቅልል ተቋርጧል፤ ሆኖም ሦስቱ ገመዶች በቀሩት ሁለት ጥቅልሎች በኩል እንደተገናኙ ናቸው። ስለዚህ ይጮሃል። ሞተሩም በሁለት ጥቅልል እየተንገዳገደ ይዞራል፣ ይሞቃል። በስታር (የሦስቱ ጥቅልሎች አንዳንድ ጫፍ መሃል ላይ ተገናኝቶ) የተጠቀለለ ቢሆን ኖሮ አንዱ ፌዝ (ጥቅልል) ሲቋረጥ ጩኸቱም ይጠፋ ነበር።

የሞተር ጥቅልል ከአንድ ኦም በጣም ያነሰ ስለሆነ በቴስተሩ የኦም ክፍል አይለካም፤ የቴስተሩ ገመድ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። እንዲህ አድርግ። ሞተሩን ከኢኤስሲው ንቀል። የ12 ቮልት 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል ከባትሪው አንድ ጫፍ ጋር በተከታታይ አያይዝና በአምፖሉ በኩል ከሞተሩ ሁለት ገመዶች ጋር ግጠም። አምፖሉ ይበራል፣ በሞተሩ ውስጥ 1.7 አምፔር ገደማ ያልፋል፤ ለሞተሩ ምንም አይደለም። ቴስተሩን ዲሲ 2000 ሚሊቮልት ላይ አድርግና የሞተሩ ሁለት ቡሌቶች ላይ ለካ። የቴስተሩ ጫፎች የሚነኩት ቡሌቶቹን ራሳቸውን እንጂ አዞ መቆንጠጫውን አይደለም፤ አለዚያ የመቆንጠጫውን መላላት ነው የምትለካው። አምፖሉ በርቶ ጥቂት ሰከንድ ሲረጋ ንባቡን ጻፍ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሁለት ጥንዶች ሂድ።

ሦስቱ ንባቦች እኩል ከሆኑ፣ ወይም የሚለያዩት በጥቂት በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩና ብየዳው ደህና ናቸው። አንዱ ከሁለቱ እጥፍ ከሆነ አንድ ጥቅልል ተቋርጧል፤ የተቋረጠውም እጥፍ ባነበቡት ሁለት ገመዶች መሃል ያለው ነው። እጥፍ ሳይሆን አሥር ወይም ሃያ በመቶ ከፍ ካለ የተወሰኑ ክሮች አልገቡም ማለት ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄህ፦ ሴቴው በኢኤስሲው በኩል፣ ወንዴው በሞተሩ በኩል ነው። ኃይል የሚወጣው ከኢኤስሲው ስለሆነ፣ ሞተሩ ተነቅሎ ባትሪው ቢሰካ ራቁት ብረት እንዳይነካካ ነው። ሴቴው ላይ ሽሪንኩ እስከ አፉ ደርሶ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይለፍ። ወንዴው ላይ ጽዋውን ብቻ ይሸፍን። ሽሪንኩ ከብየዳ በፊት ገመዱ ላይ ገብቶ ከጽዋው ቢያንስ 5 ሴንቲ ይራቅ፤ ቅርብ ከሆነ ሙቀቱ ቦታው ሳይደርስ ያኮማትረዋል። ናስትሮ አይተካውም፤ ሲሞቅ ሙጫው ይንሸራተታል።

ፎም_ክንፍ፦

ተለክቷል። ሦስቱን ገመዶች ሀ፣ ለ፣ ሐ ብንላቸው፣ ሀ እና ለ 157፣ ለ እና ሐ 314፣ ሐ እና ሀ 158 ሚሊቮልት።

ሦስት_ፌዝ፦

እንግዲህ ግልጽ ነው። ጥፋቱ ለ ወይም ሐ ውስጥ ነው፤ ሀን አትንካ። የለ እና የሐን ቡሌቶች አውጣ፣ ክሮቹን ሊዱን አቅልጠህ በትን። የትኛው ክር ላይ ሊድ እንዳልያዘ በዓይን ታየዋለህ። የቀሩትን ፍቀህ ስትጨርስ፣ ከመጠምዘዝህ በፊት፣ የእያንዳንዷን ክር አናትና ጎን በቴስተሩ ነክተህ መጮኋን አረጋግጥ። አንድም ዝም የምትል ክር መቅረት የለባትም። ሲስተካከል ሦስቱም ንባቦች ወደ 105 ይወርዳሉ፤ ጤነኛ ዴልታ አሁን ካነበብከው የ157 ሁለት ሦስተኛ ነው የሚያሳየው።

ብየዳ_ቤት፦

ከመገጣጠምህ በፊት ሁለት ነገር ልጨምር። አውትረነር የውጭው ቆብ ነው የሚሽከረከረው፤ ገመዱ ቆቡን ከነካ ሽፋኑን በአንድ በረራ ውስጥ ይበላውና ሾርት ይሆናል። ከሞተሩ መቀመጫ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ላይ በዚፕ ታይ እሰረው፤ ያቺ እስር ንዝረቱም ብየዳው ላይ እንዳይደርስ ትይዝልሃለች። የቫርኒሽ ሽቦ ደረቅ ስለሆነ ከሞተሩ መውጫ ላይ በሹል አትጠፈው።

የመጀመሪያውን ኃይል ስትሰጥ ፕሮፔለሩ ይውረድ። ያንኑ የ21 ዋት አምፖል በባትሪውና በኢኤስሲው መሃል በተከታታይ አስገባ። ብልጭ ብሎ ከጠፋ የኢኤስሲው ካፓሲተሮች ሞልተው ነው፣ ጤና ነው። በርቶ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ኢኤስሲውን አድኖታል። ይህ ካለፈ አምፖሉን አውጥተህ ሞተሩን በትንሽ ስሮትል ሞክር። ወደ ግራ ወደ ቀኝ መዞሩ ከተገላበጠ ከሦስቱ ማንኛቸውንም ሁለት አቀያይር፤ ባትሪው በኩል ግን ቀይና ጥቁር ከተቀያየረ ኢኤስሲው ወዲያው ይቃጠላል።

በመጨረሻ ፕሮፔለሩን ግጠም፣ አውሮፕላኑን አጥብቀህ እሰር፣ ከኋላው ቁም። ግማሽ ስሮትል ላይ 20 ሰከንድ አሂድና ባትሪውን ነቅለህ ሦስቱን ቡሌቶች በጣትህ ንካ። ሦስቱም እኩል ለብ ካሉ ጥሩ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ካለ ያኛው እንደገና ይሠራ።

ፎም_ክንፍ፦

ሐ ገመድ ውስጥ አንድ ጎን ያሉት ክሮች ቫርኒሻቸው ከሥር በኩል ሳይለቅ ቀርቶ ነበር። ተፍቆ ከተበየደ በኋላ 105፣ 106፣ 105 ሚሊቮልት ያነባል። ሞተሩ ያለ ሸካራ ድምፅ ይነሳል፣ በ20 ሰከንዱ ሙከራም ሦስቱ ቡሌቶች እኩል ናቸው። ሽሪንኩና እስሩ ቀርቷል፤ 6 ሚሊ ሜትሩ ሽሪንክ ለ3.5 ቡሌት ይበቃል አይደል?

ሞርሳ፦

አዎ፣ 2 ለ1 የሚኮማተር 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ርዝመቱን ለሴቴው ከቡሌቱ ርዝመት በተጨማሪ 5 ሚሊ ሜትር ገመዱ ላይ የሚያርፍ አድርገህ ቁረጥ። ከማኮማተርህ በፊት የፍላክሱን ቅሪት በአልኮል ጥረግ፤ ሽሪንኩ ከሸፈነው በኋላ አይደረስበትም።

ፎም_ክንፍ፦

ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።